ማባያው ለስንት ሰው ይበቃል?

ቡሬ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ታንጉት ላቀው፤
ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም።

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቀዬው፣ ከብቱ፣ የማሳው እህል እንዴት አለ? ክረምቱን በደኅና ያሻገረን አምላክ የዘንድሮውን አዝመራ ከበረዶና ከአንበጣ ጠብቆ ለጎተራ ያብቃልዎ። እኔ ልጅዎ በእመቤታችን ጠባቂነት ደኅና ነኝ።

ማን ነው ይሄ ብለው እንዳይቸገሩ፣ የቢሰጥ ልጅ ገደፋው ነኝ። አያቴ ጌጥነሽና እናትዎ እሜቴ ንግሥቴ የእኅትማማች ልጆች ናቸው። ልጅዎ አድማሴ ዳዊት የደገመ ጊዜ ድግስ አድርገው ነበር፤ ያን ጊዜ እናቴ በበቅሎ አፈናጥጣኝ ቤትዎ መጥቻለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቡሬ ምሽግ ውስጥ፣ የጣሊያን ሹማምንት ወጥ ቤት ሥጋ ጠባሽ ሆኜ ገብቻለሁ። የምጽፍልዎም ስለዚሁ ሥራ ነው። ካፒቴኑ ያለ ጥብስ አይውልም። ከጥብሱ ጋር የሚበላው የኮመጠጠ አትክልት ከአገሩ በጠርሙስ ይመጣለት ነበር፤ አሁን መንገዱ ስለተበላሸ ቀርቷል። ያለ ማባያ ደግሞ ጥብሱ አልዋጥ ብሎታል። እኔም በዚያ ድግስ ላይ የበላሁት ማባያ ትዝ አለኝ፤ በሽንኩርትና በቃሪያ የሚሠራው፣ ጠዋት ተሰናድቶ ለምሳ የሚደርሰው።

አሠራሩን ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም። በተለይም አንድ ማሰሮ ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ እርስዎም ባንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚሠሩ ቢገልጹልኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ በርበሬ ነጋዴው ይርሳው ነው፤ አንድ አሞሌ ጨውም በእጁ ልኬያለሁ።

ልጅዎ ገደፋው ቢሰጥ


ገበዝ ማርያም፣ ጥቅምት ፳፰ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለገደፋው ቢሰጥ።

ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ለአንተም እንዲሁ ይሁንልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ሴት ናት ሳይሉ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ስለዚህ ለደብተራ የምከፍለው የለኝም፣ በቤቴ የሚባለውንም ከእኔ ሌላ የሚሰማ የለም።

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። አንተ ግን የምትብስ ነህ፤ ከሚያውቁህ አገር መጥተህ ነው ቁርበት የጠየቅህ። ባሌ ታከለ ሲሞት ለለቅሶ አልደረስህም። ለአርባውም አልደረስህም። ተዝካሩ ሲወጣም ቦታህ ባዶ ነበር። ዛሬ ለሽንኩርት ደረስህ።

ደግሞ ለስንት ሰው ይበቃል ብለሃል። ምግብ የሚሠራ ሰው የሚጠይቀው ስንት ራስ ሽንኩርት፣ ስንት ፍሬ ቃሪያ ብሎ ነው። እኔ ባንድ ጊዜ ምን ያህል እንደምሠራ ማወቅ ለካፒቴንህ ጥብስ ምን ያደርግለታል? ማወቅ ከፈለግህ፣ በእኔ ቤት የሚበላው ሰው አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ልጄ አድማሴ ለንግድ ወደ ወለጋ ከተሻገረ ሁለት ዓመት ሆነው፤ የት እንደ ደረሰ አላውቅም። ይህን ሳትጠይቀኝ የምነግርህ በሚቀጥለው ልትጠይቀኝ እንደሆነ ስለገባኝ ነው።

አሠራሩ ይኸው። አምስት ራስ ቀይ ሽንኩርት ስስ አድርገህ ክተፍ። አሥር ቃሪያ ፍሬውን አራግፈህ በቁመቱ ሰንጥቅ። ጨው ነስንስበትና በእጅህ እሸው፤ ውኃውን እስኪተፋ ጨምቀህ ድፋው፤ ይህን ካላደረግህ ይመራል። ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ ጨምር። ከዚያ የኮመጠጠ ጠጅ፣ ኮምጣጤ የሆነውን፣ ቀዝቃዛውን እስኪሸፍነው አፍስስበት። አንድ ጣት ማር፣ ቁንጥር ስናፍጭ ጨምረህ ክደነው። እሳት የሚባል ነገር አይነካውም። ጥላ ውስጥ ካስቀመጥኸው ለምሳ ይደርሳል።

አሞሌህን መልሼልሃለሁ። ጨዉን የበላሁለትን ሰው መጠርጠር ይከብደኛል፤ ስለዚህ ሳልበላው እንዳሻኝ ልጠርጥርህ ብዬ ነው።

ታንጉት ላቀው


ቡሬ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ታንጉት ላቀው።

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ጠበል ያሽርልዎ። የቁጣ ቃልዎ ደርሶኛል፤ ከእናት የመጣ ቁጣ ነውና ጎንበስ ብዬ ተቀብያለሁ።

ማባያውን ልክ እንደጻፉልኝ ሠራሁት፤ ምንም አልጨመርሁ፣ ምንም አልቀነስሁ። ካፒቴኑ በላ፣ ደገመ፣ እጄንም አመሰገነ። እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ከጥቅምት መባቻ ጀምሮ እዚህ ወህኒ የታሰረ አንድ ሰው አለ። ክንዱ እባላለሁ፣ የአዴት ጌሾ ነጋዴ ነኝ ይላል። የካፒቴኑ አስተርጓሚ ግን ነጋዴ አይደለም፣ ሽፍታ ነው ይላል። ዕድሜው የእኔን ያህል ነው፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ በቅሎ የረገጠው ጠባሳ አለበት። እህል አልበላ ብሎ ስለሰነበተ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከካፒቴኑ ማዕድ የተረፈውን ጥብስና ያንን ማባያ ወሰድሁለት። በላው። «ኮምጣጤው ጥሩ ነው» ብሎ ጣቱን ጠረገ።

የተከበረ ሰው አውቀዋለሁ ብሎ ከጻፈለት ይፈታል ይላሉ። የሚያውቀው ከጠፋ ግን ከገና በፊት ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስዱታል፤ ከዚያ የተመለሰ እኔ አላየሁም። እርስዎ አዴት ገበያ ይወጡ ስለነበር ምናልባት ያውቁት እንደሆነ ብዬ ነው። ዘመድዎ ከሆነም ሳይደብቁ ይጻፉ። ካፒቴኑ ልጅ ያለው ሰው ነው፤ ለእናት ያዝናል።

መልስዎን በቶሎ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ገደፋው ቢሰጥ


ገበዝ ማርያም፣ ታኅሣሥ ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለገደፋው ቢሰጥ።

እኔ በሥላሴ ቸርነት አለሁ። አዝመራው ገብቷል፤ ጤፉ ቀለል ብሏል፣ ባቄላው ግን ደኅና ነው። መልሴ ዘግይቷል፤ ይርሳው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ሸኝቼዋለሁ። ባልቴት ነኝ፤ ውድማ ላይ ቆሜ አስወቅቼ፣ ጎተራ ለቅልቄ ነው ብዕር የምይዘው። የማላውቀው ሰው ጉዳይ ደግሞ አያስቸኩለኝም።

ክንዱ የሚባል ሰው አላውቅም። አዴት ገበያ የጌሾ ነጋዴ እንደ ጌሾው ብዙ ነው። በበቅሎ የተረገጠም ብዙ ነው። ዘመዴ አይደለም፣ ጎረቤቴ አይደለም፣ ጥላውን አይቼ አላውቅም። ነጋዴ ነው ብዬ አልምልለትም፤ ሽፍታ ነው ብዬም አልመሰክርበትም። ወደ ደብረ ማርቆስ ቢወስዱትም መንገዱ የእኔ አይደለም።

ካፒቴኑ ለእናት ያዝናል ብለሃል። እሰየው። እኔ ግን የካፒቴን ርኅራኄ በሥጋ ጠባሽ አፍ ተልኮ ሲመጣ ስሰማ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ሲባል ሰምተህ የለ? አንተ የላክህልኝ ደግሞ ገንፎው ትንሽ ነው፣ ስንጥሩ በዛ።

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ጾመ ነቢያት ነው። ያ ሰው የማንም ልጅ ይሁን፣ ክርስቲያን ከሆነ ጾም ያውቃልና ሥጋ ይዘህ ፊቱ አትቁም። ሽሮ ስጠው። ለነፍስህ ነው የምልህ፤ ስለ እሱ አይደለም።

ሁለተኛ ስለ ሰው ጠይቀህ አትጻፍልኝ።

ታንጉት ላቀው


ቡሬ፣ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወይዘሮ ታንጉት።

እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰዎ። ጣሊያን ቡሬን ለቆ ከወጣ አሥር ቀን ሊሞላው ነው። የምሽጉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ዶሮ ገብቶ ይጭራል።

ይህን ስጽፍ ከጎኔ ማንም የለም። የፊተኞቹን ሁለት ደብዳቤዎች ስጽፍ ግን አስተርጓሚው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እውነቱን ልንገርዎና የፈለጉትን ይፍረዱ።

ጥፋቱ ከአፌ ነው የጀመረው። መስከረም ላይ ሥጋ እያገላበጥሁ ሳለ ካፒቴኑ ማባያ ቀረብኝ ብሎ ሲቆጣ፣ እኔ ቂሉ «ቋሪት ዘመዴ ወይዘሮ ታንጉት ቤት የበላሁት ዓይነት ቢኖር ነበር» አልሁ። አስተርጓሚው ሰማ። ሳምንት ሳይሞላ ያ እስረኛ ተያዘ። የወይዘሮ ታንጉት ልጅ አድማሴ ነው የሚል ጥቆማ ነበራቸው፤ አርበኞቹን የሚመራው አድማሴ ከተያዘ ይሰቀላል፣ የጌሾ ነጋዴው ክንዱ ግን ዋጋ የለውም። መልኩን የሚያውቅ ሰው አጡ። ያን ጊዜ አስተርጓሚው ወደ እኔ መጣና «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ትሉ የለ? እኛ ደግሞ በሽንኩርት እናወጣዋለን» አለኝ። የእናቱን ቤት ማባያ ሠርቼ፣ ለእስረኛው ሳይነገረው እንዳቀርብለትና አስተርጓሚው በበሩ ቀዳዳ ፊቱን እንዲያይ ነበር አሳቡ። እንጀራና ውኃ ብቻ ሲቀምስ የሰነበተ ሰው የእናቱን እጅ ሲቀምስ ዓይኑ እንባ ካላዘለ እኔ ሰው አይደለሁም ብሎ ነበር። ለስንት ሰው ይበቃል የሚለውንም እሱ ነው ያስገባው፤ ቤትዎ ስንት አርበኛ እንደሚበላ ለማወቅ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ፤ አላልሁም።

ያ የእርስዎ አሠራር ሲደርሰኝ ግን አንድ ነገር እንደጎደለው ገና ስጀምር አወቅሁ። ዝም አልሁ። ልክ እንደተጻፈው ሠርቼ አቀረብሁ። እስረኛውም በላ፤ የማንም ቤት ሽንኩርት ነበርና ፊቱ አልተለወጠም። አስተርጓሚው በበሩ ቀዳዳ ሲያይ ቆይቶ አንገቱ ተጣሞ ቀረ።

ሁለተኛው ደብዳቤዎ ሲመጣ አስተርጓሚው እስረኛው ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። «ጥላውን አይቼ አላውቅም» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየው። እስረኛው «እኔስ እሳቸውን የት አውቄ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ዋጋ የለውም ብለው ድንጋይ ተሸካሚ አድርገው ወደ መንገድ ሥራ ሰደዱት። ጣሊያን ሲወጣ ድንጋይ ተሸካሚው ሁሉ ተበተነ። ወዴት እንደሄደ አላየሁም።

ቤቱ ደርሶ ከሆነ ይቅርታዬን ይንገሩልኝ። ይቅርታ ከእርስዎ መጠየቅ ግን አልደፈርሁም።

ገደፋው


ገበዝ ማርያም፣ መጋቢት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለገደፋው ቢሰጥ።

አድማሴ ቤቱ ገብቷል። የገባው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ ትከሻው ቆስሏል፣ ጢሙ እንደ ባሕታዊ ወርዷል። ደጃፍ ቆሞ «የጌሾ ነጋዴ ያሳድራሉ?» አለኝ። እኔ ያን ያህል የሚቀለድብኝ ሴት አልነበርሁም፤ ያን ቀን ግን ቀለደብኝ፣ መሬት ላይ ተቀምጬም አለቀስሁ።

ስለ ታኅሣሡ ደብዳቤ ልንገርህ። ጠባሳውን ስትጽፍልኝ ልጄ እንደሆነ አወቅሁ። በቅሎዋ ስትረግጠው ደሙን በነጠላዬ የያዝሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድሁ። የመጀመሪያው «ልጄ ነው፣ ስለ እመቤታችን ብላችሁ ማሩልኝ» የሚል ነበር። ይርሳው ደጅ ተቀምጦ ሲጠብቅ ያንን እሳት ውስጥ ጣልሁት። አራተኛውን፣ አላውቀውም የሚለውን ላክሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አድማሴ እስኪገባ ድረስ በዚያች ቀኝ እጄ ማንንም ሰላም አላልሁባትም። ደብረ ማርቆስ ወስደውት ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርሁ የገደልሁት። ይህን ንስሐ አባቴም አልሰሙም፤ ለአንተ የምጽፈው ለምን እንደሆነ እንጃ።

አሁን ስለ አንተ። አድማሴን ጠየቅሁት። «ሥጋውን ሲያቀርብልኝ ዓይኔን አላየኝም» አለ። ዓይን አለማየት የሚያፍር ሰው ጠባይ ነው፤ የሚሸጥ ሰውም ጠባይ ነው። የጎደለውን አውቅ ነበር፣ ዝም አልሁ ብለሃል። የጎደለውን ነገር ስም ግን አልጻፍህም። ነገሩ ካለፈ በኋላ አውቅ ነበር የማይል ማን አለ? ማሰሮው ከተሰበረ ወዲያ ሁሉም ሊሰበር እንደነበር አይቶ ነበር።

ስለዚህ እውነት ዝም ብለህ እንደሆነ አንድ መንገድ አለ። የጎደለው ምን እንደሆነ ላክልኝ። እኔ አልነግርህም፤ አድማሴም ትንፍሽ እንዳይል በማርያም አስምዬዋለሁ። ይርሳውም አያውቀውም፤ ምሥጢሩ ከጓዳዬ ወጥቶ አያውቅምና። ካወቅኸው ለፋሲካ ና። ካላወቅኸው ግን ቡሬ ቅር፤ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ደጄን ግን አትርገጥ።

ማባያው ለስንት ሰው ይበቃል ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አሁን እመልስልሃለሁ። የዘንድሮን ፋሲካ የምሠራው ለሦስት ሰው ነው። ሁለቱን ታውቃቸዋለህ።

ታንጉት ላቀው


ቡሬ፣ ሚያዝያ ፫ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወይዘሮ ታንጉት።

አድማሴ በሕይወት መግባቱን ሳነብ ይርሳው ፊት መቆም አቅቶኝ ከደጅ ወጣሁ። የልጅዎን ቁስል የሚሽር፣ የእጅዎን ሸክም የሚያወርድ አምላክ ይመስገን።

የጠየቁኝን በይርሳው እጅ ልኬያለሁ። በጨርቅ የቋጠርሁትን ይፍቱት፤ ውስጡ የወፍጮ ድንጋይ ስባሪ አለ፣ እንቁላል የምታህል።

በዚያ ድግስ ቀን ከጓዳዎ በር ኋላ ተደብቄ ነበር። እርስዎ ስባሪዋን ከፍም ውስጥ በጉጠት አወጡና አመዷን እፍ ብለው ኮምጣጤው ላይ ጣሏት። ተንጣጣች፤ እንፋሎቱ ጓዳውን ሞላው። እኔ ጅራፍ የሰማሁ መስሎኝ ስሮጥ፣ አድማሴ ዳዊቱን በብብቱ እንደያዘ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። በኋላ ስበላው ሽንኩርቱ ለስልሶ፣ ጭስ ጭስ ይል ነበር። እሳት የሚባል ነገር አይነካውም ብለው የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። አስተርጓሚው «ምነው?» አለኝ። «ሽንኩርቱ ነው፣ ዓይኔን ለበለበኝ» አልሁት። ሽንኩርት ገና አልተላጠም ነበር፤ ልብ ግን አላለም።

ስባሪዋ ከየት እንደመጣች ልንገርዎ። የእናቴ ወፍጮ ነበረች። ጣሊያን መንደራችንን ያቃጠለ ጊዜ ቤቱ ሲወድቅ ተሰነጠቀች፤ እናቴም ከዚያ አልወጣችም። ከአመዱ የቀረኝ ይህችው ናት። ጋሽ ታከለ ያረፉት በዚያው ሰሞን ነው። ለለቅሶ ያልደረስሁት እናቴን እየቀበርሁ ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲያ የምበላው አልነበረኝም፤ ያቃጠሉኝ ሰዎች ወጥ ቤት ገብቼ ሥጋ ጠባሽ ሆንሁ።

እርስዎም ለእናቴ ለቅሶ አልመጡም። ሰምተው ነው የቀሩት እያልሁ ይኸው ሦስት ዓመት እርስዎን ስጠረጥር ኖሬያለሁ። ዛሬ ሳስበው ያልሰሙ ይመስለኛል።

ስባሪዋን የፋሲካ ለት በጠዋት ፍም ውስጥ ያስገቡልኝ። ስትግል እደርሳለሁ። ማባያው ሲቀርብ ማንም ሳይነካው መጀመሪያ ለእርስዎ ጥርጣሬ እኔ እቀምሳለሁ፤ ሁለተኛ ግን ለእኔ ጥርጣሬ እርስዎ ይቅመሱልኝ።

ልጅዎ ገደፋው ቢሰጥ